32 ትራክ በ96 ኪሎኸርዝ ስቀዳ ዲስኩ መሃል ላይ ቆመብኝ፤ የትኛውን ፈጣን ዲስክ ልግዛ?

ባለማይኩ | ሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ዕለት የደረሰብኝን ልንገራችሁና ምክራችሁን ልስማ።

አንድ ትልቅ ባንድ በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮ እየተጫወተ እቀዳ ነበር። ከበሮው ብቻ 11 ማይክ ነበረው። የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ሁለት ጊታር፣ ቤዝ፣ ፒያኖ፣ ዘፋኞች፣ ሁሉም ተደምሮ 32 ትራክ። በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ። እስከ 41ኛው ደቂቃ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ሳክስፎኑ ሶሎውን ሊጨርስ ሲል ሶፍትዌሩ ዲስኩ አልደረሰልኝም የሚል መልእክት አወጣና ቀረጻውን ቆረጠው። ተጫዋቾቹ ምንም አላወቁም፤ እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ደርቄ ቀረሁ። ሳክስፎኒስቱ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ሞከረ። ያችን ሶሎ ግን መልሶ አላገኛትም።

ዲስኩ 2 ቴራባይት ተንቀሳቃሽ ሀርድ ዲስክ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካው፣ ኪስ ውስጥ የሚገባው ዓይነት። አንድ ዓመት ሙሉ በ48 ኪሎኸርዝ 16 ትራክ ስቀዳበት አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። የገረመኝ ደግሞ ማታ ቤት ገብቼ በፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ስለካው በሰከንድ 120 ሜጋባይት ይጽፋል አለኝ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። በሰከንድ 7000 ሜጋባይት የሚሉ ኤንቪኤምኢ ድራይቮች (በጣም ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) አይቻለሁ። ያለኝን ገንዘብ በሙሉ እዚያ ላይ ላውለው?


ከበሮ_መቺ | ሰኞ ማታ 3፡25

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለውን ድራይቭ) ግዛ፣ ተገላገል። እኔ ሀርድ ዲስክ ላይ መቅዳት ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል።


ቁጥር_ወዳድ | ሰኞ ማታ 3፡52

በጣም ያሳዝናል ወንድሜ። ግን ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት እስቲ አብረን እናስላ።

24 ቢት ማለት 3 ባይት ነው። በ96 ኪሎኸርዝ አንድ ሞኖ ትራክ በየሰከንዱ 96,000 ሲባዛ በ3 ባይት ይጽፋል። ይህ 288,000 ባይት ነው፣ 0.288 ሜጋባይት መሆኑ ነው። በ32 ስታባዛው በሰከንድ 9.2 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። በሰዓት 33 ጊጋባይት። በቃ፣ ይኸው ነው።

በ192 ኪሎኸርዝ 48 ትራክ ብትቀዳ እንኳ በሰከንድ 27.6 ሜጋባይት ነው። የጠየቅከው 7000 የሚለው ድራይቭ ከዚህ 250 እጥፍ ይሆናል።

እና 120 የሚጽፍ ዲስክ 9.2 እንዴት አቃተው? እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ኤንቪኤምኢውን ብትገዛ ችግሩ ይጠፋ ይሆናል። ለምን እንደጠፋ ግን አታውቅም፣ ምክንያቱ ዲስኩ ካልሆነ ደግሞ ነገ ተመልሶ ይመጣብሃል። ለቀረጻ ከፍጥነቱ ይልቅ አለመደናቀፉ ይበልጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ 9.2 ሜጋባይት ሳያንገራግር የሚጽፍ ዲስክ፣ አንዴ 500 ጽፎ ለሦስት ሰከንድ ከሚቆም ዲስክ ይሻልሃል።


የድሮው_ቴፕ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

ልጄ፣ አይዞህ። ይህ ነገር ያልደረሰበት ድምፅ ቀጂ አላውቅም።

እኔ የጀመርኩት በኤዳት ጊዜ ነው። በኤስ ቪኤችኤስ የቪዲዮ ካሴት ላይ የሚቀዳ ዲጂታል ማሽን ነው፤ 8 ትራክ፣ 16 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ። 24 ትራክ ከፈለግህ ሦስት ማሽን ታያይዝና አንዱ ሌላውን እስኪያገኝ ቆመህ ትጠብቃለህ። ከዚያ ስካዚ በሚባል መሰኪያ የሚያያዙ ዲስኮች መጡ። በ1992 እ.ኤ.አ. ሲጌት 7200 ዙር በደቂቃ የሚሽከረከረውን ባራኩዳ አወጣ፣ በ1996 ደግሞ 10,000 ዙር የሚዞረውን ቺታ። ያኔ ዲስክ መምረጥ ማይክ ከመምረጥ የማይተናነስ ሥራ ነበር። ከዚያ ጊዜ የቀረልኝ ልማድ አለ፤ ዲስክ ሲያስቸግር መጀመሪያ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ነው የምገዛው።

እና ልጠይቅህ። ዲስኩ ምን ያህል ሞልቷል? ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ነው የሰካኸው ወይስ በሃብ (አንዱን ፖርት ለብዙ በሚያካፍለው) በኩል? ኢንተርፌሱስ (ማይኮቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው) የት ነው የተሰካው? የዲስኩን ሞዴል ቁጥር ተመልክተህ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ የአጻጻፍ ስልቱን ፈልግ፤ ሲኤምአር (መስመሮቹ ሳይደረቡ የሚጻፉበት) ወይም ኤስኤምአር (ተደራርበው የሚጻፉበት) ይላል። እሱን ጻፍልኝ።


ባለማይኩ | ማክሰኞ ማታ 2፡05

አመሰግናለሁ ጋሼ። መልሱ ይኸው።

ዲስኩ 1.7 ቴራ ሞልቷል። የተሰካው በሃብ በኩል ነበር፤ የራሱ የኤሌክትሪክ መሰኪያ በሌላት ትንሽ ሃብ። ኢንተርፌሱም፣ የሶፍትዌሩ ቁልፍም (ያለሱ ሶፍትዌሩ የማይከፈተው የዩኤስቢ መሰኪያ)፣ ማውሱም እሷው ላይ ነበሩ። ላፕቶፔ ሁለት ፖርት ብቻ ስላለው ነው። ቤት ስለካው ግን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ነበር። ስለ ሞዴሉ ፈልጌ አገኘሁ፤ 5400 ዙር፣ ኤስኤምአር ይላል። ካርቶኑ ላይ ስለዚህ አንድም ቃል አልተጻፈም።


ሽቦ_ፈቺ | ማክሰኞ ማታ 2፡31

ሃብዋን ስትጠቅስ ልቤ ደነገጠ። ተንቀሳቃሽ ዲስክ መዞር ሲጀምርና ክንዱን ሲያንቀሳቅስ ብዙ ኃይል ይስባል። ኢንተርፌሱ ደግሞ ኃይሉን ከዚያው ከዩኤስቢ የሚወስድ ከሆነ፣ ለኮንደንሰር ማይኮችህ 48 ቮልት የሚያወጣው ከዚያችው ሃብ ነው። ሁሉም ከአንዲት ፖርት ይሻማሉ። ኃይሉ ለቅጽበት ዝቅ ካለ ዲስኩ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል፤ አንተ ግን የምታየው ቀረጻው መቆሙን ብቻ ነው።

ኬብሉንም እይልኝ። ጫፉ አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ የሚለያይ ኬብል ሞልቷል። ለስልክ ቻርጀር ተብለው የሚመጡ ብዙዎቹ ዳታ የሚያስተላልፉት በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው፤ በተግባር በሰከንድ ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት። ፈጣን ኤስኤስዲ ገዝተህ በዚያ ኬብል ብትሰካው የከፈልክበትን ፍጥነት አታየውም።

እስቲ አንድ ሙከራ አድርግ። ሃብዋን አውጣ፣ ዲስኩን በቀጥታ ስካ፣ ኢንተርፌሱን በሌላኛው ፖርት። ያንኑ ሴሽን ክፈትና ማንም በሌለበት 32 ትራክ ቅዳ። ታስክ ማናጀርን ክፍት አድርገህ የዲስኩን መስመር ተመልከት። ሃብዋ ከሆነች ጥፋተኛዋ አይቆምም።


ባለማይኩ | ረቡዕ ማታ 4፡40

አደረግሁት። ውጤቱን አይታችሁ ፍረዱ።

ባዶ ክፍል፣ 32 ትራክ፣ ሃብ የለም፣ ኦሪጅናል ኬብል። ሪከርድ ተጫንኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ደቂቃዎች ዲስኩ ሥራ የያዘ አይመስልም ነበር። ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ፣ መስመሩ እንደ ተኛ ውሃ። 34ኛው ደቂቃ አካባቢ መስመሩ መዝለል ጀመረ። 40 በመቶ፣ 70፣ መልሶ 20። ጆሮዬን ዲስኩ ላይ አስጠጋሁ። ቅድም የማይሰማ የነበረው ውስጡ ያለማቋረጥ ይንቋቋል። 38ኛው ደቂቃ ላይ 100 በመቶ ደርሶ እዚያው ቀረ። የሚጽፈው ግን በሰከንድ 3 ሜጋባይት ብቻ ነበር። 9.2 እየመጣበት 3 እየጻፈ ነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ታገለና ያው መልእክት መጣ።

ስለዚህ ሃብዋ ብቻ አይደለችም። 120 ይጽፋል ያለኝ ዲስክ እንዴት 3 ላይ ወረደ?


የድሮው_ቴፕ | ሐሙስ ጠዋት 2፡10

ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገህ ነው የሞከርከው። አሁን ነገሩ ግልጽ ነው።

ኤስኤምአር ዲስክ ውስጥ መረጃው የሚጻፍባቸው መስመሮች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ይደርባል። በዚህ መንገድ ብዙ መረጃ በትንሽ ቦታ ይገባል፤ ዲስኩም ይረክሳል። ማንበብ አይቸገርም። መጻፍ ላይ ነው ጣጣው። ከመሃል አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር ከላዩ የተደረቡትን ሁሉ ማንሳት አለብህ አይደል? ዲስኩም እንደዚያው ነው። አንዱን መስመር ለመቀየር የተደረቡትን ሁሉ አንብቦ መልሶ ይጽፋል።

ይህን ለመደበቅ ሲሉ ለብቻው ያልተደረበ ቦታ ይተዉለታል። የመጣው ጽሑፍ መጀመሪያ እዚያ ያርፋል። ከዚያ አንተ ስታርፍ ዲስኩ ቀስ ብሎ ወደ ቋሚ ቦታው ያዛውረዋል። የፍጥነት መለኪያው ፕሮግራም የሚጽፈው አንድ ጊጋባይት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ያ ማረፊያው ውስጥ ስለሚገባ 120 አለህ። አንተ በ38 ደቂቃ የጻፍከው ግን 21 ጊጋባይት ነው። ማረፊያው ሞላ። ዲስኩ አዲሱን እየተቀበለ አሮጌውንም ማዛወር ግድ ሆነበት። 85 በመቶ የሞላ ዲስክ ላይ ደግሞ ክፍት ቦታው የተበታተነ ነው። የሰማኸው መንቋቋት የክንዱ ምልልስ ነው።

በ48 ኪሎኸርዝ 16 ትራክ ለምን አላስቸገረህም? በሰከንድ 2.3 ሜጋባይት፣ በሰዓት 8 ጊጋባይት ስለሆነ። በየዘፈኑ መሃል ስታርፍ እሱም ያርፋል፣ ማረፊያውን ያጸዳል።

ዲስኩን አትጣለው። ያለቀ ሥራ ለማስቀመጫ ጥሩ ነው። ቀረጻ ግን ከዛሬ ጀምሮ አታስነካው።


ቁጥር_ወዳድ | ሐሙስ ጠዋት 3፡00

ጋሼ በደንብ ነው ያስረዱት። ካርቶኑ ላይ አለመጻፉ ግን ያናድደኛል። ገዢው ምን እንደሚገዛ ማወቅ መብቱ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ለኔትወርክ ማከማቻ የሚሸጡ አንዳንድ ዲስኮች ኤስኤምአር መሆናቸው ሳይነገር እየተሸጡ እንደነበር ሲታወቅ ትልቅ ቁጣ ተነስቶ፣ አምራቾቹ ከዚያ በኋላ ነው ዝርዝሩን ያወጡት። ስለዚህ ሀርድ ዲስክ የሚገዛ ሰው ሁሉ ከመክፈሉ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይፈትሽ።


ክንድና_ሳህን | ሐሙስ ከሰዓት 9፡15

ሀርድ ዲስክ ሁሉ እንዲህ አይደለም። ለሚዛኑ ያህል ልናገር። እኔ 7200 ዙር፣ ሲኤምአር፣ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ላይ እቀዳለሁ፤ 48 ትራክ ድረስ ሄጃለሁ። ግን የት ላይ እንደሚደክም ማወቅ ጥሩ ነው።

7200 ዙር ማለት አንድ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የሚፈለገው ቦታ ክንዱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዚያ ግማሽ፣ 4.2 ሚሊሰከንድ ትጠብቃለህ። ክንዱ ራሱ ከቦታ ቦታ ለመሄድ 9 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ድምር 13 ሚሊሰከንድ በአንድ ዝላይ። 48 ትራክ 48 ፋይል ነው፤ ክንዱ በየፋይሉ ይዘላል።

የተቀዳውን ሲያሰማ ሶፍትዌሩ ከየትራኩ በአንድ ጊዜ የሚያነበው 64 ኪሎባይት ነው እንበል። ይህ በ96 ኪሎኸርዝ 0.23 ሰከንድ ድምፅ ነው። 48 ዝላይ በ13 ሚሊሰከንድ ግን 0.62 ሰከንድ ይፈጃል። አልደረሰም ማለት ነው። 256 ኪሎባይት ቢያነብ ግን 0.91 ሰከንድ ድምፅ ይይዛል፣ የሚፈጅበትም 0.7 ሰከንድ ነው። ደረሰ፣ ለጥቂት። 1 ሜጋባይት ቢያነብ 3.6 ሰከንድ ድምፅ ይዞ የሚፈጅበት አንድ ሰከንድ ያህል ነው፤ እጅግ ምቹ።

አያችሁ? ዲስኩ ያው ነው። የተለወጠው ሶፍትዌሩ በአንዴ የሚያነበው መጠን ብቻ ነው። በመቅጃ ሶፍትዌሮቹ፣ ሪፐር ላይ የሚዲያ ባፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) የሚባለው፣ ፕሮ ቱልስ ላይ ዲስክ ካሽ የሚባለው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ዲስኩ ሲያቅተው የኢንተርፌሱን ባፈር ከ128 ወደ 1024 ይጨምራል። እሱ ሌላ ነገር ነው፤ የፕሮሰሰሩን ጫና ያቀላል እንጂ ዲስኩን አይረዳም።

ንጹህ ቀረጻ ከሁሉም ይቀላል። የሚከብደው 40 ትራክ እያሰማ 8 አዲስ ሲቀዳ ነው። ክንዱ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይመለሳል። በዚያ ላይ ከብዙ ሙከራዎች ጥሩ ጥሩው ተመርጦ የተቆራረጠ ሴሽን ሲሆን አንድ ትራክ ውስጥ ሃምሳ ቁራጭ አለ፤ እያንዳንዱ ሌላ ቦታ ነው።


ከበሮ_መቺ | ሐሙስ ከሰዓት 9፡40

ለዚህ እኮ ነው ኤስኤስዲ ያልኩት። ያ 13 ሚሊሰከንድ ኤስኤስዲ ላይ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ነው። ክንድ የለ፣ ዙር የለ። ይህን ሁሉ ሂሳብ ትረሳዋለህ። ደግሞ አይጮህም! ማይክና ዲስክ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።


ክንድና_ሳህን | ሐሙስ ከሰዓት 9፡58

ልክ ነህ። ዛሬ አዲስ ለሚገዛ ሰው እኔም ለቀረጻ ኤስኤስዲ ነው የምመክረው። ሀርድ ዲስኩ በእጁ ያለ ሰው እንዳይደናገጥ ብዬ ነው።

ድምፅን ካነሳህ አይቀር፣ ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ከፍተኛ ድምፅ ሀርድ ዲስክን ያደናቅፈዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በሰን ማይክሮሲስተምስ የሚሠራ መሐንዲስ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ዲስኮቹ ላይ እየጮኸ ሲያሳይ፣ የዲስኮቹ መዘግየት በግራፉ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ታይቷል። አንድ ሰው በጉሮሮው ያን ካደረገ በእግር የሚመታውን ከበሮና የቤዙን አምፕ አስቡት። ዲስኩን ሞኒተር ስፒከር ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አይቻለሁ፤ እባካችሁ አታድርጉ።


ሳምፕል_ሰብሳቢ | ሐሙስ ማታ 1፡20

ኤንቪኤምኢ የት እንደሚያስፈልግ እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ለኔ ትርጉም አለው።

እኔ የምሠራው በሳምፕል ላይብረሪ (አስቀድመው በተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች ስብስብ) ነው። አንድ ፒያኖ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች አሉት። ፔዳል ተይዞ አሥር ጣት ሲወርድ መቶ ድምፅ በአንዴ ከዲስክ ይጠራል። ሳምፕለሩ የእያንዳንዱን ድምፅ መጀመሪያ ብቻ ራም ላይ ይይዛል፤ የቀረውን ጣቴ ቁልፉን ሲነካ ከዲስኩ ይጎትታል። ሀርድ ዲስክ ላይ ይህ ሲንኮታኮት ሰምቼዋለሁ። ሳታ ኤስኤስዲ (በቆየው የኮምፒውተር መሰኪያ የሚሠራው) በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ይዞ ብዙውን ይችላል። ሙሉ ኦርኬስትራ ቴምፕሌት ስከፍት ግን በሳታ ረጅም ጊዜ እጠብቅ የነበረውን ኤንቪኤምኢ በጣም አሳጠረልኝ።

ባለማይኩ፣ አንተ ግን ማይክ ነው የምትቀዳው። ላንተ ከሳታ ኤስኤስዲ በላይ ያለው ፍጥነት የሚታይህ ሴሽኑን ወደ ሌላ ዲስክ ስትገለብጥ ነው።


ባለማይኩ | ሐሙስ ማታ 3፡30

ይህን ሁሉ ጊዜ ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እሺ፣ 7000ውን ተውኩት። በዩኤስቢ የሚሰካ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ ነው የማስበው። ግን ኪውኤልሲ የሚባለውን አትግዛ፣ ቶሎ ያልቃል፣ ሲሞላም ይዘገያል የሚል አነበብኩ። እውነት ነው?


ቁጥር_ወዳድ | ሐሙስ ማታ 4፡15

እውነትነት አለው፣ ግን ላንተ ሥራ ያን ያህል አያስፈራም።

ኪውኤልሲ በአንድ ሴል ውስጥ 4 ቢት ይይዛል፣ ቲኤልሲ 3። ቢት በበዛ ቁጥር መጻፍ ይዘገያል። ስለዚህ ሁለቱም ከፊት ለፊት ፈጣን ማረፊያ አላቸው። ኤስኤምአርን አስታወሰህ? ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። ማረፊያው ሲሞላ ግን ልዩነቱ ይታያል። 1 ቴራባይት የሆነ ሳታ ኪውኤልሲ ማረፊያው ሲያልቅ በሰከንድ 80 ሜጋባይት ድረስ ሊወርድ ይችላል። 200 ጊጋባይት ስትገለብጥ ይህ ያሰለቻል። ያንተ ቀረጻ ግን የሚፈልገው 9.2 ነው።

እኔ ግን ገንዘቡ ካለህ ቲኤልሲ ውሰድ እላለሁ። ድራይቩ ሲሞላ ማረፊያው እየጠበበ ስለሚሄድ ኪውኤልሲው ቀድሞ ይጨነቃል። የትኛውንም ብትገዛ አምስተኛ እጁን ባዶ ተውለት።

ስለ ማለቁ እንዲህ አስብ። ብዙ ባለ 1 ቴራባይት ቲኤልሲ ድራይቮች ዋስትናቸው 600 ቴራባይት እስክትጽፍባቸው ነው። በቀን 4 ሰዓት፣ በየቀኑ፣ ያለ እረፍት 32 ትራክ በ96 ብትቀዳ 133 ጊጋባይት ነው። 600 ቴራ ለመሙላት 12 ዓመት ይፈጅብሃል። እኔን የሚያስፈራኝ ድራይቩ ከጠረጴዛ ላይ ተረስቶ መቅረቱ ነው።


ሽቦ_ፈቺ | ዓርብ ጠዋት 2፡45

ከመግዛትህ በፊት ከኔ በኩል። 10 ጊጋቢት የሚል ዩኤስቢ ኤስኤስዲ በተግባር በሰከንድ 1000 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 5 ጊጋቢት የሚለው ከ400 እስከ 450። ለቀረጻ ሁለቱም ይበቁሃል። 20 ጊጋቢት የሚለውን ግን ላፕቶፕህ መቀበሉን ሳታረጋግጥ አትክፈልበት፤ ብዙ ኮምፒውተር ላይ ያ ስልት ስለሌለ ወደ 10 ይወርዳል።

መሰኪያው ደህና መያዙንም በእጅህ ሞክር። አንዱ ኬብሌ ትንሽ ላላ ነበር። ላፕቶፑን ሳንቀሳቅስ ድራይቩ ጠፋ፣ ቀረጻውም አብሮ። አሁን ኬብሉን ላፕቶፑ ክዳን ላይ በቴፕ እለጥፈዋለሁ። ኢንተርፌሱ ደግሞ የራሱ ፖርት ላይ ይሁን። ሃብ የግድ ከሆነ የራሱ ኃይል ያለው ግዛ፣ ማውስና ቁልፍ እዚያ ይሂዱ።


የድሮው_ቴፕ | ዓርብ ጠዋት 3፡20

ፎርማቱን አትርሳ ልጄ። ብዙ ተንቀሳቃሽ ድራይቭ ሲገዛ ኤክስፋት ሆኖ ነው የሚመጣው። ማክና ዊንዶውስ ሁለቱም ያነቡታል፣ ያ ጥሩ ነው። ግን እየጻፈ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ የተጻፈውን የሚያስታውስበት መዝገብ የለውም። ሴሽንህ ከዊንዶውስ የማይወጣ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ አድርገው። ማክ ላይ ከሆነ ኤስኤስዲውን ኤፒኤፍኤስ፤ የሚዞር ሀርድ ዲስክ ከሆነ ግን የድሮው ማክ ኦኤስ ኤክስቴንድድ ይሻላል።

ፋት32 ከሆነ ጨርሶ አትቅዳበት፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ ፋይል አይቀበልም። ተራው የዌቭ ፋይል ራሱ እዚያው 4 ጊጋባይት ላይ ነው ወሰኑ። በ24 ቢት 96 ኪሎኸርዝ አንድ ሞኖ ትራክ እዚያ ለመድረስ 4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አያሳስብህም። ግን 32ቱን በአንድ ፋይል የሚጽፍ ማሽን ካጋጠመህ 8 ደቂቃ ሳይሞላ ትደርሳለህ። እንዲህ ያሉት ወይ ፋይሉን እየቆራረጡ ይጽፋሉ፣ ወይ አርኤፍ64 (ከ4 ጊጋባይት በላይ የሚይዘውን የዌቭ ዓይነት) ይጠቀማሉ። ሶፍትዌርህ ውስጥ አርኤፍ64 የሚለው ምርጫ ካለ ረጅም ኮንሰርት ስትቀዳ አብራው።


ከበሮ_መቺ | ዓርብ ጠዋት 4፡02

ሌላም አለ። አንቲቫይረሱ አዲስ የተጻፈ ፋይል ባየ ቁጥር ሊመረምር ይሄዳል፤ 32 ፋይል እያደገ ሲያይ ዝም አይልም። የሴሽኑን ፎልደር ከምርመራው አውጣው። ወደ ክላውድ በራሱ የሚገለብጥ ፕሮግራምም እንደዚሁ፣ ቀረጻ ላይ ይጥፋ። ዊንዶውስ ዲስኩን የሚያስተኛበትንና ዩኤስቢውን የሚያሳርፍበትንም ዝጋ። እኔ አንዴ በዘፈን መሃል 20 ደቂቃ አረፍን፣ ተመልሼ ሪከርድ ስጫን ዲስኩ ተኝቶ ነበር። እስኪነሳ የመጀመሪያው ምት አለፈ።


ባለማይኩ | እሑድ ማታ 2፡50

ገዛሁ። ያሰብኩትን ገንዘብ ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ትልቅ ፍጥነት የሌለው፣ ቲኤልሲ፣ 1 ቴራባይት፣ 10 ጊጋቢት ዩኤስቢ ኤስኤስዲ ነው። በቀረው ደግሞ ያንኑ ሞዴል ሁለተኛ ገዛሁ። ያው አንዱ ኤንቪኤምኢ ሊወስደው በነበረው ሁለት ሆነልኝ።

ትናንት ሞከርኩት። 32 ትራክ፣ 96 ኪሎኸርዝ፣ 3 ሰዓት ሙሉ፣ 100 ጊጋባይት ለመድረስ ትንሽ ቀረው። የዲስኩ መስመር ከ2 በመቶ አልበለጠም። ድራይቩን በእጄ ስነካው ለብ ብሏል፣ ከዚያ አላለፈም። አሮጌውን ዲስክ ባዶ አድርጌ የማስቀመጫ አደረግሁት።

አንድ ነገር ብቻ። ሁለቱን ድራይቮች በሬይድ 0 ላያይዛቸው የሚል ሐሳብ መጥቶልኛል። ይጠቅማል?


ቁጥር_ወዳድ | እሑድ ማታ 3፡05

አይ ወንድሜ፣ በፍጹም! ሬይድ 0 እያንዳንዱን ፋይል ለሁለት ቆርጦ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ያስቀምጣል። አንዱ ቢሞት ሁለቱም ሞቱ። የማትፈልገውን ፍጥነት ለማግኘት የመጥፋት ዕድሉን በእጥፍ ታሳድጋለህ። ሁለተኛውን ለኮፒ አውለው። ቀረጻው እንዳለቀ፣ ተጫዋቾቹ መሣሪያቸውን እየሰበሰቡ ሳለ ገልብጥ። 70 ጊጋባይት እንዲህ ባለ ድራይቭ ጥቂት ደቂቃ ነው።


የድሮው_ቴፕ | እሑድ ማታ 3፡30

ከገለበጥክ በኋላ ኮፒው ላይ ያለውን ሴሽን ክፈተው። የመጀመሪያውን ድራይቭ ነቅለህ። አንዳንዴ ሴሽኑ ይከፈታል፣ ድምፁን የሚያመጣው ግን ከአሮጌው ቦታ ነው። አሮጌው ከተነቀለ ይታወቃል። ከመጀመሪያ አንድ ደቂቃ፣ ከመሃል አንድ ደቂቃ፣ ከመጨረሻ አንድ ደቂቃ አድምጥ። ከዚያ በኋላ ነው የመጀመሪያውን ማጥፋት የሚቻለው። ሁለቱንም ድራይቭ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይዘህ ደግሞ አትሂድ።


ባለማይኩ | ቅዳሜ ማታ 5፡15

ዛሬ ያንኑ ባንድ ደግሜ ቀዳሁት። 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ አንድም ጊዜ አልቆመም። 41ኛው ደቂቃ ሲያልፍ እጄ ማውሱ ላይ ደርቆ ነበር፤ 42 ሲል ነው የተነፈስኩት። ሳክስፎኒስቱ ሌላ ሶሎ ተጫወተ። ያችን አይደለም፣ ግን ጥሩ ናት።

መሣሪያ ሲሰበስቡ ገለበጥኩት። የመጀመሪያውን ነቅዬ ከኮፒው ላይ ከፈትኩና ሦስቱንም ቦታ አደመጥኩ። ሁለተኛው ድራይቭ አሁን ከቤዝ ተጫዋቹ ጋር ወደ ቤቱ ሄዷል።